እሌኒ በሎሚና በጨው የታጠበችበት ቀን

ይኸው ዘንድሮም አወሩት።

የመስቀል ዕለት አክስቴ እትዬ በላይነሽ ቤት ተሰብስበናል፤ ክትፎው ቀርቧል፣ ዳቦው ገና አልተቆረሰም። አክስቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ እሌኒ እኔ ቤት የመጣች ጊዜ...» ብለው ሲጀምሩ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየመስቀሉ የሰማሁት ታሪክ ነው። ያው አንዱ ታሪክ ቢሆን ችዬ በኖርኩ፤ ግን በየዓመቱ ይጨመርበታል። አምና የእሌኒ ምስል ያለባት ሳንቲም የጎረቤታችንን የጋሼ ተሰማን ጉልበት ፈወሰች። ዘንድሮ ደግሞ ወጥ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ስታበራ መብራት አጥፍተው ሥራቸውን እንደሠሩ ተናገሩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእትዬ ግን እያደር ሥጋ ይለብሳል።

ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። ከፊታቸው አፉን የሚከፍት ሰው ከባሕር ማዶ በምንኖርባት በኮሎምበስ ከተማ ገና አልተወለደም። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ደሜ ግን ፈላ፤ ምክንያቱም ሳንቲሟን ወደ ቤታቸው ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ የሆነውንም አሳምሬ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ነገሩ እንደነበረ ይጻፍ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ከሞርስ ሮድ ጀርባ ባለች ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ከእትዬ ጋር እኖር ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ወረቀቴን ጨርሰው ያስመጡኝ፣ የመጀመሪያውን የብርድ ኮት የገዙልኝ፣ ዳውንታውን ወዳለው ኮሌጅ የሚወስደውን ባስ አብረውኝ ተሳፍረው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እዚያው ዳውንታውን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። መጀመሪያ አልጋ ያነጥፉ ነበር፤ በኋላ እጃቸው ታየና የሆቴሉ ናስ በሙሉ ለእሳቸው ተሰጠ። የአሳንሰሩ በር፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የበሮቹ እጀታ ሁሉ። አንድ ቀን ይዘውኝ ሄደው አሳንሰሩ ፊት አቆሙኝና የራሴን ፊት በበሩ ላይ እያሳዩኝ «እዪ እስቲ! መስታወት የት አባቱ!» አሉኝ። በሥራው የሚኮራ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚኮራ ግን አላየሁም።

ለእኔ ደግሞ ነርስነት ተቆርጦልኝ ነበር። የሰፈራችን የኖርዝላንድ እናቶች ያን ጊዜ ለልጆቻቸው ከነርስነት ሌላ ሙያ የሚያውቁ አይመስለኝም። የጥንት ታሪክ ክላስ የወሰድኩት ከመጋዘን ፈረቃዬ ጋር የሚገጥመው እሱ ብቻ ስለነበር ነው። እትዬ ሲሰሙ «ታሪክ ይበላል?» አሉ። ምን እመልሳለሁ? አይበላም። ግን ወደድኩት፤ በሦስተኛው ሳምንት ነርስነቱን በሆዴ ትቼው ነበር። ሐሳቤ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርጌ ታሪክ መማር ሆነ። ለዚህም ከመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር። ለእትዬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

መምህሩ ከከተማው ዳር ከዎርዝንግተን በአሮጌ መኪና የሚመጣ፣ የሹራቡ ክርን ሁልጊዜ የተቀደደ፣ ቀጭን ፕሮፌሰር ነበር። አንድ ቀን የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የሮማ ሳንቲም ሰጠን። «ለአንድ ሳምንት የእናንተ ናት» አለ። «ላያችሁ ላይ ተሸክማችሁ ዙሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ምልክት ምን እንደሚል ጻፉልኝ።» እንደ እሱ አነጋገር ሳንቲም መገበያያ ብቻ አልነበረም፤ የንጉሡ ወሬ ነጋሪ ነበር። ማንበብ የማይችል ገበሬ እጅ ስለሚገባ የሚለውን በሥዕል ይለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የዚያን ዕድሜ ልጅ ያሳብዳል።

ለእኔ የደረሰችኝ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ጠቆር ብላ ወደ አረንጓዴ የምታደላ የነሐስ ሳንቲም ነበረች። በአንድ በኩል ፀጉሯን ተሠርታ በሻሽ ሸብ ያደረገች፣ አንገቷ ላይ ሐብል ያሰረች ሴት አለች። ዙሪያዋን የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቅሜ ሳነበው እሌኒ ይላል። የቆስጠንጢኖስ እናት፤ መስቀሉን ያገኘችው፣ ደመራ የምናበራላት ራሷ እሌኒ! በጀርባው በኩል ደግሞ ሙሉ ቁመቷ የሚታይ ሌላ ሴት ቆማለች፤ በቀኝ እጇ ቅርንጫፍ ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ይዛለች፣ በግራዋ ቀሚሷን ሰብስባለች። ይቺኛዋ እሌኒ አይደለችም። ሮማውያን ሰላምን፣ ተስፋን፣ ደኅንነትን በሴት አምሳል ይሠሩ ነበር፤ ይቺ «የመንግሥት ደኅንነት» ናት። ቅርንጫፉ የሰላም ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ቀጥ ማለቷም የሚያስሮጣት ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው ብሎ መምህሩ አስረድቶኛል። እኔም በጽሑፌ «አገር በእውነት ደኅና ከሆነ ይህን ነሐስ ላይ ማተም ለምን አስፈለገ?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚያች ጥያቄ እንዴት እንደተኩራራሁ!

እንግዲህ ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ጥፋቱም የእትዬ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጉሊ መነጽር ይዤ ሳንቲሟ ላይ ተደፍቼ አገኙኝ።

«ምንድን ነው እሱ ዝገት? ባዮሎጂሽን አጥንተሽ ጨርሰሽ ነው?»

ባዮሎጂ! ሳላስበው «እትዬ፣ ይቺ እኮ ንግሥት እሌኒ ናት» አልኳቸው።

ዞር ብለው እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ተከናነቡ፣ ሳንቲሟን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሟት። ከዚያ ገልብጠው ባለቅርንጫፏን ሴት ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ችቦዋን ይዛ! ደመራውን ልትለኩስ ስትሄድ ነው፤ አየሽ?»

እዚህ ላይ ነው መናገር የነበረብኝ። «እትዬ፣ ይቺ ሌላ ናት፤ የያዘችውም ችቦ አይደለም» ማለት ምን ያቅታል? ግን እትዬ በዚያች ሰዓት ትምህርቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በፍቅር ዓይን እያዩት ነበር። «አዎ፣ እሷ ናት» አልኩ።

በማግሥቱ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ታች ቤት የሚኖሩት ጋሼ ተሰማ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ አንድ ነገር ለእሳቸው መንገር ማለት ኤርፖርት ለተሰለፈው ባለታክሲ በሙሉ ማወጅ ነው። መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ጎራ እያለ፣ ለስላሳ እየያዘ ይመጣል። አንዷ ሳንቲሟን ግንባሯ ላይ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ የታመመ ልጇን ሸሚዝ ታሻሽባታለች፣ ጋሼ ተሰማ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ያሹባታል። እኔ ከኋላ ሶፍት ይዤ እየተከተልኩ እወለውላለሁ። «እባካችሁ በጠርዟ ያዟት» ስል «አይዞሽ፣ እሌኒ አትሰበርም!» ይሉኛል። አምላኬ!

ታዲያ ለምን አላስቆምኩም? እውነቱን ልናገር፤ ደስ ስላለኝ ነው። እትዬ ለመጣው ሁሉ «የእህቴ ልጅ እኮ ታሪክ ነው የምትማረው» እያሉ ያወሩ ነበር። ነርስነት የሚባል ቃል ከቤቱ ጠፋ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ እያንዳንዱ እንግዳ ችቦዋን ሲያደንቅ አንገቴን እነቀንቅ ነበር።

የምመልስበት ጠዋት መጣ። ጽሑፌን ጨርሼ፣ ያለቀለት ሥራ ነው ብዬ፣ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እትዬ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ወጥ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ ጨው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ ውኃ አየሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ቁልፍ የምታብረቀርቅ ቢጫ ነገር አለች።

«የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም» አሉ፣ ግንባራቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «ያ ሁሉ እጅ ነካክቷት። ደግሞ በመስቀል ሳምንት ንግሥቲቱ ጠቁራ ትሂድ እንዴ?»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሳንቲሟን አንስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የእሌኒ ፊት ለስልሷል። ያ በቀጭኑ የተሠራው ፀጉር የለም። ፊደሎቹ ግማሾቹ ጠፍተዋል። ቅርንጫፉ የተጫረ መስመር ብቻ ሆኗል። ይህ አልበቃ ብሎ ዞር ስል እትዬ አረንጓዴውን ውኃ በባዶ የውኃ ጠርሙስ እየቀዱ ነው፤ ለጋሼ ተሰማ! «እንዳይጠጡት!» አልኩ። «ማን ይጠጣል፣ ለጉልበት ነው» አሉኝ። በየመስቀሉ ከሚወራው ታሪክ ውስጥ ያቺ ጠርሙስ ብቻ እውነት ናት፤ ጋሼ ተሰማ ተቀብተዋታል፣ አንድ ሳምንትም ጉልበታቸው አረንጓዴ ሆኖ ከርሟል።

የሚብሰው ገና ነበር። የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለው በሌሊት ተነስተው ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። ዳቦውን ብቻ ልውሰድ፣ ብቻዬን ልሂድ ብዬ ለመንኳቸው። «አደራ የሰጠን ሰው ቤት ልጅ ብቻ አይላክም» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ባስ ስንጠብቅ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ዳር የበቀለውን ቢጫ አበባ እየቀነጠሱ አሰሩ፤ አደይ ባይሆንም ቢጫ ነው። እኔ ፕሮፌሰሩ ፊት የምለውን በእንግሊዝኛ እየደጋገምኩ እለማመድ ነበር። ደብዳቤዬ በዓይኔ ፊት ሲቀደድ ይታየኛል። ጭኔ ላይ የተቀመጠው ዳቦ ትኩስ ነበር፤ ሽታውን እንኳን ጠላሁት።

ቢሮው በመጻሕፍት የታጨቀ ጠባብ ክፍል ነበር። ሳንቲሟን ሳቀብለው ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ከዚያ መብራቱን ወደ እሷ ሳበና ፈገግታው ጠፋ። መነጽሩን አወለቀ።

«ምን ሆነች?»

የተለማመድኩት ሁሉ በአንዴ ከአፌ ወጣ። «እኔ አይደለሁም። አክስቴ ናት። አልተማረችም። ሺ ዳዝንት ኖው ኤኒቲንግ!»

ምንም አታውቅም። አጠገባቸው ቆሜ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደማይሰሙ ሁሉ። ዘጠኝ ዓመት የሆቴል እንግዶች እንደሌሉ ቆጥረዋቸው በፊታቸው ሲነጋገሩ የሰሙ ሴት እኮ ናቸው! የእኔን እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ይሰሙ ነበር። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ዳቦውን ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ አበባውን ከጎኑ አደረጉት፣ ቀጥ ብለውም ቆሙ።

«አይ ኖው» አሉት። «ብራስ፣ አይ ኖው። ናይን ይርስ። ኤሌቬተር፣ ዶር፣ ኦል ሻይን።» ዘጠኝ ዓመት ናስ ወልውያለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ በጣታቸው ሳንቲሟን አሳዩት። «ሺ ኢዝ ክዊን። ክዊን፣ ኖ ደርቲ።» ንግሥት አትቆሽሽም።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሮ «ይህች ሴት የያዘችው ምንድን ነው ብለው እንደሚያስቡ ጠይቂያቸው» አለ። እትዬ ትርጉም አልጠበቁም፤ በአማርኛ ጀመሩ። መስቀሉ እንዴት እንደተቀበረ፣ እሌኒ እንጨት ደምራ ዕጣን እንደጨመረችበት፣ ጢሱ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ቦታውን እንዳመለከታት። እኔ ተረጎምኩ። ችቦዋን ይዛ ልትለኩስ ስትሄድ ነው የሚለውን ግን መሬት መሬት እያየሁ ነው ያልኩት። ሴትየዋ ማን እንደሆነች ለአክስቴ እንዳልነገርኳቸው ፕሮፌሰሩ ገባው።

«ይህ ታሪክ ጽሑፍሽ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

ሳንቲሟን መዳፉ ላይ አገላብጦ፣ ወደ እትዬ አይቶ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «አረንጓዴው ቆሻሻ አልነበረም። ቆዳዋ ነበር። ፊቷም ፊደሉም የነበረው እሱ ላይ ነው። አይመለስም።»

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ። እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል፤ የሰሙት ስህተት እንዲሆንላቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቆዳዋን? ቆዳዋን ነው የገፈፍኳት?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ በላይነሽ የሠሩት ሥራ ሲያሳፍራቸው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ፕሮፌሰሩ አልተቆጣም፣ «ምንም አይደለም» ብሎም አልዋሸም። ሳጥኑን ከፍቶ ሳንቲሟን የድሮ ቦታዋ ላይ መለሳት፤ ከጠቆሩት መሃል እሷ ብቻ ታበራ ነበር። ከዚያ ከዳቦው ጫፍ ቆርሶ ቀመሰ፣ ሌላም ቆረሰ።

ስንመለስ እትዬ መስኮት ጋ ተቀመጡ። ሞርስ ሮድ ደርሰን ልንወርድ ስንል ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«ቆዳዋ መሆኑን አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ችቦ አለመሆኑንስ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ብትነግሪኝ አውቅ ነበር» አሉ። ገመዱን ስበው ባሱን አስቆሙት።

ደብዳቤውን አገኘሁ። በጽሑፌ ጠርዝ ላይ ግን ፕሮፌሰሩ በቀይ እንዲህ ብሎ ጽፎበት ነበር፦ ይህ ሥዕል ለሠሩት ሰዎች ምን እንደሆነ በደንብ ነግረሽኛል፤ በእናንተ ቤት ለያዙት ሰዎች ምን እንደሆነ ግን ደብቀሽኛል። ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ታሪክ ተማርኩ፣ እነሆ አሁን ልጆች አስተምራለሁ። የመማሪያ መጻሕፍቴን የገዙልኝ «ታሪክ ይበላል?» ያሉት እትዬ ናቸው።

በዓመቱ መስቀል ታሪኩ ተጀመረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆመም። ጉልበቱ፣ ብርሃኑ፣ ፕሮፌሰሩ ተንበርክኮ ዳቦውን መቀበሉ ሁሉ ያበሳጨኛል። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን አንዱ ቦታ ነው። ዘንድሮም እዚያው ደረሱ። «ፈረንጁ ሳንቲሟን ሲያይ ደነገጠ። ‹ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?› አለ። ይቺ ልጄ ቀና ብላ ‹አክስቴ ናት! ዘጠኝ ዓመት ናስ የወለወለች፣ የምታውቅ ሴት ናት!› አለችው።»

ገበታው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ ሐና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በየዓመቱ ስልኳን እየነካካች የምታሳልፈውን ታሪክ ዘንድሮ ለምን እንደሰማችው እንጃ።

«ማም፣ ሪሊ? ዩ ሴድ ዛት?»

ሃያ ስድስት ዓመት በቃኝ፣ ዛሬ ይውጣልኝ አልኩ። «አይደለም ሐናዬ» ብዬ ጀመርኩ። «እኔ እንኳ ያልኩት እንደሱ አይደለም። እኔ ያልኩት...»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ከገበታው ላይ እንደ ዝንብ አባረረኝ። «የማወራው እኔ ነኝ። ሂጂ ዳቦውን ቁረጪ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አዩኝ። ረስተውት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንዲት ቃል አልረሱም። ምንም አታውቅም ያልኳቸው ሴት ሁሉን እያወቁ በየመስቀሉ በሰው ፊት ሲዋሹልኝ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ለጉልበቱና ለብርሃኑ ስናደድ ኖሬያለሁ።

ሄጄ ዳቦውን ቆረጥኩ።